ሰው ሁሉ በግራ እጁ የበላበት ዓርብ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሸዋሮቢት፣ ከመናኸሪያው ማዶ አዲስ የተከፈተ መነጽር ቤት ገብቼ ዓይኔን አስመረመርኩ። መርማሪዋ ልጅ እግር ናት። ፊቴ ላይ ከባድ የብረት መነጽር ሰክታ፣ አንዱን ሌንስ እያወጣች ሌላውን እያስገባች «አባባ፣ ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ትለኛለች። ሳቄ መጣ። ልጅቷ ፊደሎቹ ያሳቁኝ መስሏት ዞር ብላ ሰሌዳውን አየችው፤ ደግማ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ስትለኝ ጭራሽ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አብራኝ የሄደችው ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ሆና «ተይው ልጄ፣ አንድ ጊዜ ሌንስ ሲመርጥ ጉድ ሠርቶ ያውቃል፤ እሱ ትዝ ብሎት ነው» አለቻት። እውነቷን ነው። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ እኔም የብረት መነጽሩን ፊቴ ላይ እንዳደረግኩ ሄድኩ፣ ወደዚያ ዘመን።

ያኔ፣ ጸጉሬ ሳይሳሳ፣ ሸዋሮቢት ከአንድ አስፋልትና ከሁለት ረድፍ ቆርቆሮ ቤት ብዙም አትበልጥም ነበር። ወደ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ጎማ ሊያበርዱ ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉና ማንጎ ይበላሉ። ማንጎ የሚሸጠው በባልዲ ነው። ባልዲውን በብር ከገዛህ ሻጯ ሁለት ሦስት ፍሬ ትመርቅልሃለች። ሻይ በስሙኒ፣ ከነዳቦው በሽልንግ ነበር። ሙቀቱ በነጻ ነበር፤ እሱ እንኳ ዛሬም አልተወደደም። ደገኛ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ካፖርቱን ደብረ ሲና ላይ ያወልቃል፤ ሸዋሮቢት ሲደርስ ደግሞ ቆዳውን ማውለቅ ያምረዋል። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የሬዲዮ መጠገኛ ነበረችኝ፤ አንገትጌው እንደ አሞራ ክንፍ የተዘረጋ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሼ፣ በእጄ የሽቦ መበየጃ ካውያ ይዤ እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ የመንዙማና አንድ የዘፈን ካሴት አፈራርቄ አጫውታለሁ። ሽማግሌዎች ሲያልፉ መንዙማውን፣ ኮረዶች ሲያልፉ ዘፈኑን። አንድ ቀን ተምታታብኝና ሐጂ እንድሪስ በሱቄ በር ሲያልፉ ዘፋኟ «ና ተኛ ከጎኔ» የሚል ግጥም ላይ ደረሰችባቸው። ሐጂ ቆም ብለው ወደ ውስጥ አዩኝ፤ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ሐጂ ምንም ሳይናገሩ ሲሄዱ ነው የሚያስፈሩት።

ሐጂ እንድሪስ የማሾና የማሽላ ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ነጭ ሽርጣቸው አንድም ቀን ተጨማዶ የማይታይ። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የሐዋ አባት ናቸው። ሐዋ የአባቷን ሬዲዮ ለማሠራት ሦስት ጊዜ መጥታለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ሬዲዮው የእውነት ተበላሽቶ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ስመልሰው አንዷን ሽቦ ላላ እያደረግኩ። በሦስተኛው ስትመጣ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ «ይማም፣ ሽቦዋን አጥብቃት። ሬዲዮ ሳልይዝም መንገዱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂም ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ «ሲነጋ ሲመሽ የሰው ሬዲዮ የሚፈታ ሰው፣ ሚስት አይፈታም ብላችሁ ትመሰክራላችሁ?» አሏቸው። «አልነፈግኳችሁም» አሉ ሐጂ። «እህሉ ይግባና ሰውዬውን ልየው።» እንግዲህ የሚታይ ነገር መሥራት ነበረብኝ።

ምክንያቱን ያመጣው የሐጂ ትልቁ ልጅ ሰይድ ነው። ማጀቴ ከተማ ድረስ ሄዶ ያገባ ጊዜ ሰርጉ በቪዲዮ ተቀርጾ ነበር፤ ለአገራችን የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሆኖም ካሴቱ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰይድ ቤት፣ በእኔው አሥራ አራት ኢንች ቴሌቪዥን ነበር። የዚያን ዕለት ከሰው ብዛት የተነሳ አልጋ ተሰበረ፤ ሴቶቹም በር ላይ ቆመው ከወንዶች ጀርባ በቀር ምንም ሳያዩ ተመለሱ። አሁን ደግሞ የማጀቴ አማቾች በሚቀጥለው ወር፣ ዓርብ ቀን፣ ራሳቸውን ሊያዩ እንደሚመጡ ላኩ። ሐጂ መስጊድ በር ላይ ቆመው «ይህን ሁሉ ክቡር ሰው በየትኛዋ ቁና የምታህል መስኮት ላሳየው?» ሲሉ ሰማሁ። አፌ ከእኔ ቀደመ። «ሐጂ፣ እኔ ሰውን በቁመቱ ልክ ሸራ ላይ አሳይዎታለሁ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። «በቁመቱ ልክ?» «በቁመቱ ልክ።» «እንግዲያው እናያለን» አሉ። እህሉ መግባት ሳያስፈልገው መታያዬ ደረሰ።

ለዚህ ሁሉ የተማመንኩት በተፈራ ነው። መምህር ተፈራ የሳይንስ አስተማሪ፣ የቀወት ገበሬ ልጅ፣ የልብ ወዳጄ ነበር። ግራኝ ነው፤ በግራው ይጽፋል፣ በግራው ጠመኔ ይወረውራል፣ እናቱ በልጅነቱ ስንት ቀጥታው ሳይለቀው ቀርቶ በግራው ይበላል። ሐጂ ባገኙት ቁጥር «መምህር፣ ቀኝህን ለማን አደራ ሰጥተህ ነው?» እያሉ ይቀልዱበታል። ተፈራ ነገሩን በአጭሩ አስረዳኝ። «ቴሌቪዥኑን ሳጥን ውስጥ ትከታለህ። ከፊቱ ሌንስ ታደርጋለህ። የቀረው ጨለማ ነው።» «ምን ዓይነት ሌንስ?» ስለው ግን ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን ተማሪዎቹ ጠይቀውኝ አያውቁም» አለኝ።

መጀመሪያ የሞከርነው ልጅ ሆነን እናደርገው የነበረውን ነው፤ የተቃጠለ አምፖል አንጀቱን አውጥተህ ውሃ መሙላት። በልጅነታችን በዚያ ስንት ሲኒማ አይተናል። ቴሌቪዥኑ ፊት ስናቆመው ግን ግድግዳው ላይ የወጣው አንድ የሚንቀጠቀጥ የእንቁላል አስኳል ብቻ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም ውሃው ፈስሶ ቴሌቪዥኔን ሊገድለው ነበር። ቀጥሎ የአክስቴ የከድጃ መነጽር ታየኝ። አክስቴ የዓይን ሞራዋን ከተገፈፈች ወዲህ የምታደርገው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ወፍራም መነጽር አላት። ለአንድ ሰዓት ብላ አዋሰችኝና እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ፣ መንገደኛውን ሁሉ በድምፁ እየለየች ትጠብቀኝ ጀመር። ሥዕሉ ወጣ፤ ወጣ ግን አፍንጫ ብቻ። ዜና አንባቢው አፍንጫው የሰፌድ ያህል ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ዓይኑም ጆሮውም ጠርዙ ላይ ቀልጦ ቀረ። ተፈራ «ጥሩ ነው፣ ሰውዬው ይለያል» አለ። አክስቴ ከበሩ ሆና «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ። በል መነጽሬን አምጣ፣ የማን ፍየል እንደሆነች ያላወቅኳት አንዲት ፍየል ሻሼን እየበላች ነው» አለች። እውነትም እየበላች ነበር።

ከዚያ ደብረ ብርሃን አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ የድሮ ካሜራ ሌንስ አለው ብለው ነገሩኝ። በዚያች በቴትሮን ሸሚዜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ቆለኛ ብርድን የሚያስታውሰው ሲነካው ብቻ ነው። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ጉሙ በመስኮት ገብቶ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ከለለብኝ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ አንዲት ቆሎ ሻጭ በመስኮት አይታኝ «ልብስህን የት ጥለህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ፤ ቆሎዋን የገዛሁት ለመብላት ሳይሆን እጄን ላሞቅበት ነው። ሌንሱን ይዤ ስመለስ ኩራቴ አይጣል ነበር። ጥራቱም ልዩ ነው፤ አንዲት ፀጉር አይስትም። ችግሩ መጥቆሩ ነው። ከሁለት እርምጃ ርቀን ከሸራው ላይ የምናየው፣ ጥቁር ሰው ጥቁር ፈረስ ላይ ተቀምጦ በጨለማ ሲሄድ ነበር። ተፈራ እንደ ልማዱ ሳይንሱን ዘግይቶ አመጣው፤ ሌንሱ ሰፊ መሆን አለበት አለ፣ ብዙ ብርሃን እንዲያስገባ፤ ጉልበቱም ልከኛ መሆን አለበት፣ ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር እንዲይዝ። «የሰው መዳፍ የሚያህል አጉሊ መነጽር ብናገኝ» አለ። በአገሩ እንዲህ ያለ አጉሊ መነጽር አንድ ብቻ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐጂ እንድሪስ ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡት ነው። ክፈፉ ነሐስ፣ እጀታው ቀንድ፣ ስፋቱ የሻይ ማቅረቢያ ሰሐን። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው ቁርኣናቸውን የሚቀሩት፣ የሚያነቡት በእሱ ነው። ሄጄ ቆምኩ። መሀረብ ላይ እያሹት ነገሬን ሰሙኝና «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። «የእኔ ዓይን ይሄ ነው።» ተፈራ ያሳየኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይስጡኝና እዚሁ እፊትዎ ላሳይዎት» አልኳቸው። ወደ እልፍኛቸው ገብተን፣ ከጨለማው ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ከመስኮቱ ትይዩ ሌንሱን ወደ ኋላና ወደ ፊት አደረግኩት። ማንጎው ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ቅጠሉ እየተንቀሳቀሰ፣ ከነፍሬው፣ ግንዱ ወደ ላይ ቅርንጫፉ ወደ ታች። ሐጂ ራሳቸውን አዘቅዝቀው አዩት። «ሱብሃነላህ። ማንጎዬን ዘቀዘቅከው እኮ» አሉ። «ሌንስ ሲያሳይ ይገለብጣል ሐጂ። ቴሌቪዥኑን እኔ ራሴ ገልብጬ ሳስቀምጠው ይቀናል።» በመጨረሻ «እሰጥሃለሁ» አሉ። «ግን በዚህ የተቀራው የአላህ ቃል ነው። በዚህ ነውር አታሳይበትም። አንዲት ነውር ካየሁ ሌንሴንም አላገኘህ፣ ሌላውንም አላገኘህ።» ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በጓሮ በኩል ሐዋ ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር።

አንድ ቀን ለሙከራ ሰጡን። በሱቄ ውስጥ መጋረጃ ዘግተን፣ ቴሌቪዥኑን በሳሙና ካርቶን ውስጥ ገልብጠን፣ ሌንሱን ከፊቱ አንድ ክንድ ያህል አርቀን የኳስ ጨዋታ ካሴት ከፈትን። አቤት! ሰው በቁመቱ ልክ፣ ከነቀለሙ ግድግዳው ላይ ሮጠ። ተፈራን አቀፍኩት። እሱ ግን ፊቱን አኮሳትሮ «ይህን ተጫዋች አውቀዋለሁ፤ የቀኝ እግር ተጫዋች ነው። አሁን እንደ እኔ ግራኝ ሆነ» አለኝ። ቆየና ደግሞ «ጽሑፉም እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል» አለ። «እንግዲያው ሐጂ ደስ ይላቸዋል» አልኩት። ተፈራ መስታወት ጨምረን ግራና ቀኙን እንመልሰው አለ፤ እንዲያ ያለ ትልቅ መስታወት ያለው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው፣ እሱም ከግድግዳው ነቅሎ አይሰጠንም። «የሰርግ ካሴት ጽሑፍ የለውም» አልኩ። «ሰው ደግሞ በግራም በቀኝም ሰው ነው።» ዛሬ ሳስበው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት ይሄን ነው። የይፋት ሰው ሆኜ፣ በሰርግ ላይ ሰው የሚሠራው ዋና ሥራ መብላት መሆኑን፣ የሚበላውም በየትኛው እጁ እንደሆነ ሳላስብ ቀረሁ።

ዓርብ ደረሰ። ከጁምዓ በኋላ እንግዶቹ የሐጂ የማሾ መጋዘን ውስጥ ገቡ። ጨለማ እንዲሆን በሩም መስኮቱም ተዘጋ፤ በሸዋሮቢት ቀትር የተዘጋ መጋዘን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ለማያውቅ አይነገረውም። ሐጂ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል መጋረጃ ይኑር ስላሉ፣ እኔም በብልጠቴ ያንኑ መጋረጃ ሸራ አደረግኩት፤ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ስስ አቡጀዲ፣ ወዲህ ወንዶቹ በማሾ ጆንያ ላይ ከእኔና ከሳጥኔ ጋር፣ ወዲያ ሴቶቹ። ሥዕሉ በጨርቁ ስለሚያልፍ ሁለቱም ወገን ያያል። ከማጀቴ የመጡት አዛውንት አማች፣ አባ ጀማል፣ ቀዳሚው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሳጥኔን መረመሩና «ይሄ ዕቃ ወድቆ ነው?» አሉኝ። «የለም አባ ጀማል፣ የሚሠራው ተገልብጦ ነው።» «እንደ ሌሊት ወፍ» አሉ። ሐጂ ሌንሳቸውን በመሀረብ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘው መጡ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ከሳጥኔ ቀዳዳ ሰኩት። እኔ የካሴት ማጫወቻውን፣ ዴኩን ነካሁት።

ሰይድ በበቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ እውነተኛ በቅሎ የሚያህል በቅሎ ላይ፣ አቡጀዲው ላይ መጣ። ከማዶ እልልታው ቀለጠ። ወንዶቹ «ይሄ የእገሌ ልጅ አይደለም እንዴ»፣ «ያች የእኔ ጃንጥላ ናት» ይባባላሉ፤ ሐጂ ጢማቸውን ይዳስሳሉ። ተፈራ በክርኑ ነካኝ። እኔ በልቤ ሐዋን አግብቼ፣ ቤት ሠርቼ፣ ለበኩር ልጃችን ስም እየመረጥኩ ነበር። ያኔ ገበታው ቀረበ።

መጀመሪያ የታዩት አባ ጀማል ናቸው። ሥዕሉ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በግራ እጃቸው ቆርሰው ጎረሱ። ሁለተኛም ጎረሱ። ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንተ ይማም፣ ዓይኔ ነው ወይስ አማቻችን በግራቸው ነው የሚበሉት?» አሉኝ። ሌንሱ ግራና ቀኙን እንዳቀያየረው ያን ጊዜ ገባኝ። መልስ ሳልሰጥ ሥዕሉ ዞር አለና ሐጂ እንድሪስ ራሳቸው መጡ። በዚያ ግርማቸው፣ በዚያ ነጭ ልብሳቸው፣ የግራ እጃቸውን እጅጌ ጠቅልለው፣ ከወጡ አድርገው ትልቅ ጉርሻ አበጁና ጎናቸው የተቀመጡትን ሼህ በግራ እጃቸው አጎረሷቸው። ሼሁም ተቀበሉ። እስካሁን አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት አባ ጀማል ቀና አሉና «አልሃምዱሊላህ፣ ብቻዬን አይደለሁም» አሉ።

ሐጂ ተነሱ። «አስታግፊሩላህ። ቁርኣን በቀራሁበት መስታወት!» አሉ። ይባስ ብሎ በዚያው ቅጽበት ሥዕሉ ላይ ለክርስቲያን እንግዶች የተዘረጋው ገበታ መጣ፤ ዳር ላይ መምህር ተፈራ ተቀምጦ፣ በሕይወቱ አድርጎት በማያውቀው ጨዋነት በቀኝ እጁ ይበላል። ሐጂ ወደ ሥዕሉ አዩ፣ ወደ ተፈራ አዩ። «ግራኙ በቀኙ፣ እኛ በግራችን? ይማም፣ ነውር አታሳይበት ብዬህ ነበር። አጥፋውና ሌንሴን አምጣ።» ተፈራ ሊያስረዳ «ሐጂ፣ ይሄ እንኳ የብርሃን ሕግ...» ብሎ ጀመረ፤ «የእኛ ሕግ በቂ ነው» አሉት። እጄን ወደ ዴኩ ላክሁ። ሌንሱም ሌላውም አብረው ሲሄዱ ታየኝ።

«አባዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለ ከመጋረጃው ማዶ አንድ ድምፅ። ሁሉም ዘወር አለ። «ማነው?» አሉ ሐጂ። «ሐዋ ነኝ። እኛ ጋ ሁላችሁም በቀኛችሁ ነው የምትበሉት። በግራው የበላ መምህር ተፈራ ብቻ ነው።» ያን ሁሉ አማችና ሽማግሌ ባለበት ሴት ልጅ እንዲህ ድምፅዋን ስታሰማ ማንም አልለመደም። ሐዋ ግን አላቆመችም። «ካላመኑ መጥተው ይዩ» አለች።

ሐጂ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናንተ ሴቶች፣ ተከናነቡ፣ ልመጣ ነው» አሉና የመጋረጃውን ጠርዝ ገልጠው ወደ ማዶ አለፉ። እኔ ጣቴን ዴኩ ላይ እንዳደረግኩ ደርቄ ቀረሁ። ብዙ ቆይቶ «ይማም፣ ያችን ጉርሻ መልሳት» የሚል ድምፅ መጣ። መለስኳት። «ድገማት።» ደገምኳት። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ሦስተኛ ስደግማት ከማዶ ሳቅ ሰማሁ፤ ሐጂ እንድሪስ ሲስቁ በዕድሜዬ ሰምቼ ስለማላውቅ የማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። «አባ ጀማል፣ ይምጡ» አሉ። «እዚህ ሲመጡ በቀኝዎ ነው የሚበሉት።» አባ ጀማል ሄዱ፤ ሌላውም እየተንጠባጠበ ተከተለ። ሐጂ ሴቶቹ ለእንግዶቹ ቦታ እንዲለቁ ቢናገሩ፣ የሐዋ እናት «አንነሳም፤ ባለፈው ጀርባ ብቻ ነው ያየነው» አሏቸው። የይፋት ታላላቅ ሽማግሌዎች ያን ዕለት ከሴቶቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሰርግ አዩ። ተፈራ እንኳ ትቶኝ ሄደ። እኔ ሳጥኔን ጠባቂ ሆኜ በወዲህ ብቻዬን ቀረሁ፤ ካሴቱ እስኪያልቅ ሰው ሁሉ በግራው ሲበላ አየሁ።

ሥዕሉ ሲያበቃ አባ ጀማል በማዶ «ሐጂ፣ ይሄ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ነበር አሉ፤ ምን መለሱለት?» ሲሉ ሰማኋቸው። «ይሄ ልጅ» አሉ ሐጂ፣ «ክፉ አይደለም። ነገር ግን የሚያሳየው ሁሉ ግልብጥ ነው። ከማዶ ሆና አቅንታ የምታይለት ካላገኘ አገር ያጣላል።» ደግሞም ጨመሩ፤ «እንግዲህ አይታለታለች፤ ምን አደርጋለሁ?» ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ በወዲህ በኩል የማሾ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፤ ላብ ነው ብዬ ለተፈራ የነገርኩት ውሸቴን ነው።

ይኸው አሁን ደግሞ መነጽር ቤት ውስጥ ያች ልጅ «አባባ፣ ንገሩኝ እንጂ፣ ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ስትለኝ «ሐዋን ጠይቂያት» አልኳት። ሐዋም መጥታ ሰሌዳውን እንዳነብ አደረገችኝና፣ እኔ ይሻላል ካልኩት ሌላውን መረጠችልኝ። ልክ ነበረች። ቤት ስንገባ በአዲሱ መነጽር የራሳችንን ሰርግ ከፈተችልኝ፤ ልጆቹ ከካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጠውታል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ የሐጂን ፊት ግን እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም። ከሞቱ ዓመታት አለፉ፤ በጣም ይናፍቁኛል። አጉሊ መነጽራቸውን ለሐዋ ነው የተዉላት፤ ዛሬ እሷ ትቀራበታለች። በሥዕሉ ላይ ገበታው ቀርቧል፤ ሐጂ ካሜራው ወደሳቸው ሲዞር ያዩና ሁለቱንም እጃቸውን አንስተው አንድ ጊዜ ቀኛቸውን፣ አንድ ጊዜ ግራቸውን ይመለከታሉ። ከዚያ ወደ ሙሽራው፣ ወደ እኔ ዞረው ከልባቸው ይጠይቁኛል፤ «ይማም፣ በየትኛው ልብላ?»

«በቀኝዎ ይብሉ ሐጂ» አልኳቸው፣ ዛሬም እንደ ያኔው። «ሐዋ ከማዶ ናት።»

ጎረሱ።